ነፋስ ፊት የሚቀመጡት አስታራቂ

አንድ አስታራቂ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሲያስታርቁ የሚያለቅሱ። ስማቸው አያ ጥሩነህ ነው። በዳይና ተበዳይ ፊታቸው ቆመው ገና ሰላምታ ሲሰጡ የአያ ጥሩነህ እንባ ኮለል ብሎ ይወርድና ጺማቸው ውስጥ ይገባል። ተጣልቶ የመጣ ሰው ይህን ሲያይ ያፍራል። «እኒህ ሰውዬ ለእኛ ጠብ እንዲህ ካለቀሱ እኛ ምን ነክቶናል?» ይልና ይታረቃል። በቃ! ስንት ሽማግሌ ሲጨቃጨቅ ውሎ ያልፈታውን ነገር የአያ ጥሩነህ ዓይን ምሳ ሳይደርስ ይፈታዋል። ዝናቸው ወንዝ ተሻገረ። ከሩቅ አገር ሳይቀር «እንባ ያላቸውን ሽማግሌ አምጡልን» እየተባለ በቅሎ ይላክላቸው ጀመር።

እስቲ አንዴ ቆይ፣ አንተ ስልክህ ላይ አፍጥጠህ የምታነበው። እዚህ እስክትደርስ ዓይንህን ጨፍነሃል? አልጨፈንክም። በል ጨፈን አድርገህ ግለጥ። አዎ፣ እንደሱ። ለምን እንዳልኩህ ኋላ ይገባሃል። አሁን ወደ ሽማግሌው እንመለስ።

የአያ ጥሩነህ እንባ የርኅራኄ እንባ አልነበረም። ዓይናቸው ታሞ ነው። ጠዋት ሲነቁ የዓይናቸው ቆብ ከብሌኑ ጋር ተጣብቆ ይገኛል። በግድ ሲገልጡት ቆዳ የሚላጥ ይመስላቸዋል። ስለዚህ ይነቁና ዓይናቸውን ሳይገልጡ ዝም ብለው ይተኛሉ፤ ይፈራሉ። «ዛሬ ብገልጠው ባላይስ?» ይላሉ በሆዳቸው። ሚስታቸው ትሁኔ እርጥብ ጨርቅ ይዛ ትመጣለች። ጨርቁ ሲያርፍበት ቀስ ብሎ ይለቃል፤ ብርሃን ይገባል፤ አያ ጥሩነህም ተመስገን ይላሉ። ከዚያ እስኪመሽ ድረስ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስል ይቆረቁራቸዋል። ነፋስ ሲነካው ያቃጥላል፣ ጭስ ሲነካው ይባስ ያቃጥላል፤ እንባውም ዱብ ዱብ ይላል።

ይህን ለማንም አልተናገሩም። ለምን ይናገሩ? አንድ ጊዜ ሁለት ጠበኞች ፊት ሳሉ ድንገት ነፋስ መጣ፤ ዓይናቸው አነባ፤ ጠበኞቹ ተቃቀፉ። አያ ጥሩነህ ያን ቀን የተማሩትን ትምህርት አልረሱትም። ከዚያ ወዲህ ሌላው ሽማግሌ ጀርባውን ለነፋስ ሲሰጥ እሳቸው «ግዴለም፣ እኔ እዚህ ይበቃኛል» ብለው ፊት ለፊቱ ይቀመጣሉ። ሰው ትሕትና መሰለው። ነፋስ የጠፋ ቀን ደግሞ «በረደኝ፣ እሳት አንድዱልኝ» ይላሉ። በጠራራ ፀሐይ! እሳቱ ሲነድ ጭሱ የሚሄድበትን አይተው ወደዚያ ጠጋ።

ዳሩ ግን በሽታ ሲያባብሉት አይመለስም። ማቃጠሉ ሲብስባቸው መድኃኒት ፍለጋ ጀመሩ። ግን እንዴት ያለ ፍለጋ! መጀመሪያ የሄዱት ቅጠል ከሚያውቅ ሰው ዘንድ ነው።

«ማቃጠሉን አጥፋልኝ» አሉት።

«ምች ነው፤ ዳማከሴ እጨምቅልዎታለሁ። እንባውንም ቀጥ ያደርገዋል።»

«አይ! እንባውን አትንካብኝ።»

ሰውዬው አፉን ከፍቶ ቀረ። «አያ ጥሩነህ፣ ቤቱ እየተቃጠለ እሳቱን አታጥፉብኝ የሚል ሰው አይቼ አላውቅም።»

ዳማከሴው ተጨመቀላቸው፤ ዓይናቸው በርበሬ የተነፋበት መሰለ፤ በነጋታው ተዉት። ኩል የምትሸጥ ሴት ኩል ተኳሉ አለቻቸው፤ ተኳሉ። ሽማግሌ ተኩሎ ሸንጎ ሲቀመጥ ይታያችሁ! እንባው ሲወርድ ኩሉን ይዞት ወረደና ጺማቸው ጠቆረ። «አያ ጥሩነህ ወጣት ሆኑ» ተብሎ ተሳቀባቸው፤ እሱንም ተዉት። ጎረቤታቸው የእሱን ዓይን ያዳነለትን ጠብታ አበደራቸው። ጎረቤትየው የታመመው ሌላ በሽታ ነበር፤ ግን ማን ጠየቀ? ሁለት ቀን አንጠባጠቡ፤ ለውጥ የለም፤ ተዉት። እያንዳንዱን መድኃኒት ጀምረው ይተዋሉ፤ ለአንዱም እውነቱን አይነግሩም፤ ከዚያ «መድኃኒት የለውም» ይላሉ።

በዚህ መሀል ዓይናቸው እየደበዘዘ ሄደ። ከቤታቸው ፊት ለፊት ተዳፋቱ ላይ የጎረቤት በቅሎ ታስራ ትውላለች። አያ ጥሩነህ ጠዋት ጠዋት ደጃፍ ይወጡና አንድ ዓይናቸውን በእጃቸው ይሸፍናሉ፤ በሌላው በቅሎዋን ያያሉ። ከዚያ ያገላብጣሉ። መጀመሪያ በቅሎ ነበረች። ቆይቶ ጆሮዋ ጠፋ። ቆይቶ እግሯ ጠፋ። ቆይቶ ጉቶ ሆነች። ለማንም አልተናገሩም። ምሳ ሲበሉ በቅሎዋ ትታወሳቸዋለች፤ ተነስተው ወጥተው ያዩዋታል። «ምን ረሳህ?» ስትላቸው ትሁኔ፣ «ምንም፤ በቅሎዋን ሳያት ደስ ትለኛለች» ይላሉ።

«እኔን እንኳ እንዲህ አይተኸኝ አታውቅም» ትላለች ትሁኔ።

አንድ ቀን የውሃ ጠብ መጣ። ቸኮልና አዱኛ የሚባሉ ሁለት ገበሬዎች ከአንድ ቦይ ያጠጣሉ። ቸኮል ተራው ሳይደርስ ውሃውን ጠለፈ፤ አዱኛ ሲናገረው በዱላ መትቶ ክንዱን ሰበረው። ነገሩ ግልጽ ነው፤ በዳይም ተበዳይም የታወቀ ነው። የቀረው ወጉን ማድረስ ብቻ ነበር። ወጉም በዳይ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ተበዳይ ፊት ይንበረከካል፤ ተበዳይ «ይቅር ለእግዜር» ብሎ ድንጋዩን ያወርድለታል።

አያ ጥሩነህ ነፋስ ፊት ተቀመጡ። እንባቸው ወረደ። በእንባውና በዓይናቸው ጭጋግ ውስጥ ሁለት ነጭ ጋቢ ብቻ ነው የሚታያቸው፤ ሁለት ጋቢ የለበሱ ጉቶዎች። የአዱኛ የተሰበረ ክንድ ጋቢው ውስጥ ነው። ደነገጡ። የትኛው ነው? ጠይቀው ቢሆን ኖሮ በአንድ ቃል ያልቅ ነበር። ግን እንዴት ብለው ይጠይቁ? «እንባ ያላቸው ሽማግሌ ዓይን የላቸውም» ሊባል ነው። እጃቸውን ዘርግተው በግምት አንዱን አመለከቱ።

«ና ልጄ፣ ተንበርከክ። ድንጋዩን ተሸከም» አሉ እያለቀሱ።

ያመለከቱት አዱኛን ነው።

የሚያለቅስ ሽማግሌ አይቋረጥም፤ ያገሩ ሥርዓት ነው። ሌሎቹ ሽማግሌዎች ተያዩ፤ «እሳቸው ያወቁት ነገር ቢኖር ነው» አለ አንዱ በሹክሹክታ። ቸኮልማ ምን ቸገረው፤ ማን ሞኝ ነው? ዝም አለ። አዱኛ መጀመሪያ ፈዞ ቆመ። ከዚያ የአያ ጥሩነህን እንባ አየ። «ለእኔ እንዲህ የሚያለቅሱ ሰው ያለ ነገር አይፈርዱብኝም፤ ሳላውቀው የበደልኩት ይኖር ይሆናል» ብሎ ተንበረከከ። ድንጋዩን ጫኑበት። በአንድ እጁ ደግፎ፣ ክንዱን የሰበረውን ሰው ይቅርታ ለመነ። ቸኮልም «ይቅር ለእግዜር» አለ። አፉ አልተንቀጠቀጠም!

ወደ ቤት ሲመለሱ፣ ሸንጎው ዳር ሆና ስታይ የነበረችው ትሁኔ ብዙ መንገድ ሳትናገር ሄደች። የትሁኔ ዝምታ ደግሞ ከጩኸቷ የከፋ ነው።

«ምን ሆነሻል?» አሉ አያ ጥሩነህ።

«ድንጋዩን ማን ተሸከመ?»

«ቸኮል ነዋ።»

ትሁኔ ቆመች። «አንተ ሰው፣» አለች ቀስ ብላ፣ «አዱኛ ነው።»

አያ ጥሩነህ መንገዱ ዳር ቁጭ አሉ። ያን ሰዓት ነፋስም ጭስም አልነበረም፤ እንባም ጠብ አላለም። «ትሁኔ፣ አይታየኝም» አሉ። «በቅሎዋም አትታየኝም። አሁን አንቺም አትታይኝም።»

በነጋታው ትሁኔ ክንዳቸውን ይዛ ከተማ፣ የዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰደቻቸው። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት።

«ምን ሆኑ፣ አባባ?»

«ዓይኔ ያለቅሳል፣ ልጄ።»

ሐኪሟ ዓይናቸው ውስጥ ቢጫ ቀለም ጠብ አድርጋ በሰማያዊ መብራት አየች። «ይጨፍኑ። ይግለጡ። አሁን ሳይጨፍኑ ይቆዩኝ።» መቆየት የት አባቱ! ወዲያው አቃጥሏቸው ጨፈኑ። ሐኪሟ የዓይናቸውን ቆብ እየገለበጠች ጠርዝ ጠርዙን ስትመለከት ቆየችና መብራቱን አጠፋች።

«አባባ፣ ዓይንዎ ደርቋል።»

«ምን?» አያ ጥሩነህ ጺማቸውን ጨምቀው እጃቸውን አሳዩዋት። «ይሄ ታዲያ ምንድን ነው? ጠላ ነው?»

ትሁኔ ሳቋ አመለጣት። ሐኪሟም ሳቀች፤ ግን ሳቋ አልቆየም።

«አርሰው ያውቃሉ፣ አባባ?»

«ዕድሜዬን ሙሉ።»

«ከርሞ የደረቀ መሬት ላይ ድንገት ዶፍ ሲወርድበት መሬቱ ይጠጣዋል?»

«የት ይጠጣዋል፤ ጎርፍ ሆኖ ቁልቁል ይሄዳል እንጂ።»

«ጉንጭዎ ላይ የሚሄደውም ያው ጎርፉ ነው። ዓይን ሲደርቅ ይቆጣል፤ ሲቆጣ ውሃ ይጠራል። ውሃውን የሚይዝለት ቅባት ግን የለም፤ ቅባቱ የሚወጣበት የቆብዎ ጠርዝ ተደፍኗል። ስለዚህ ውሃው ተንሸራቶ ይወርዳል፤ ዓይንዎ ደርቆ ይቀራል። ሲደርቅ ይፋቃል። ብሌንዎ ተፋፍቋል፤ ግራው ጠባሳ ይዟል።»

አያ ጥሩነህ ወንበሩን ጨበጡ። «ሊጠፋ ነው?»

«የምልዎትን ካደረጉ ቀኙ ይመለሳል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ለግራው ቃል አልገባም። እንዲሁ ከተዉት ሁለቱም ይሄዳሉ።»

ከዚያ ሕክምናውን ነገረቻቸው። ጠዋትና ማታ ለብ ያለ ንጹሕ ጨርቅ የተጨፈነ ዓይናቸው ላይ እንዲያደርጉ፣ ቆቡን ቀስ ብለው እንዲያሹ፣ ያዘዘችውን ጠብታ ቢሻላቸውም ባይሻላቸውም እንዳያቋርጡ፣ ሲተኙ የዓይን ቅባት እንዲቀቡ፣ በቀጠሮ እየመጡ እንዲታዩ።

«ለምን ያህል ጊዜ?» አሉ አያ ጥሩነህ።

«ከብትዎን ውሃ የሚያጠጡት ለምን ያህል ጊዜ ነው? ትናንት ጠጥታለች ብለው ዛሬ ይተዋሉ?»

«አልተውም።»

«ይሄም እንደዚያው ነው። ደግሞ ነፋስ ፊት አይቀመጡ፣ ጭስ አይጠጉ።»

ይሄኔ አያ ጥሩነህ ጋቢያቸውን ሰብስበው ሊነሱ ቃጡ። ሐኪሟ ወደ ትሁኔ ዞረች። «እምቢ ሊሉ ነው?»

«እሱ እኮ ወንበር የሚመርጠው ነፋስ ፍለጋ ነው፣ ዶክተርዬ» አለች ትሁኔ።

አያ ጥሩነህ ክው አሉ። «ታውቂ ኖሯል?»

«አብሬህ የኖርኩ ሰው አይደለሁም እንዴ? የእናቴ ቀብር ላይ ነፋስ አልነበረም፤ ጠብ አላለህም።»

አያ ጥሩነህ መሬት መሬት እያዩ «እንባዬ ከቆመ ማን ይሰማኛል?» አሉ።

ሐኪሟ መድኃኒቱን እያቀበለቻቸው «ለእሱ የሚሆን ጠብታ እኔ ጋ የለም፣ አባባ» አለቻቸው።

ሕክምናው ተጀመረ። ታዲያ ወዲያው የተሻላቸው እንዳይመስልህ። ጨርቁ፣ ጠብታው፣ ቅባቱ፤ ደግሞ ጨርቁ፣ ጠብታው፣ ቅባቱ። ለውጥ የለም። ደጃፍ ወጥተው አንድ ዓይን ይሸፍናሉ፤ ተዳፋቱ ላይ ጉቶ አለ። «ይሄም እንደሌላው ነው፣ ይቅርብኝ» ሲሉ ትሁኔ ጨርቁን ነክራ ትመጣለች፤ «ተኛ!» ብቻ ነው መልሷ። «አስታርቁን» የሚል ጥሪ ሲመጣ አሞኛል እያሉ ይመልሳሉ። በዚህ መሀል አንድ ወሬ መጣ። አዱኛ ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ ቦዩ መውረድ ትቷል። ውሃው ሁሉ ወደ ቸኮል ማሳ ይሄዳል፤ የአዱኛ ሽንኩርት ቆሞ ደርቋል፤ ወንድሞቹም ዱላ እየመረጡ ነው። ያን ከሰሙ በኋላ እንቅልፍ ጠፋ። ቦዩ ላይ ደም ከፈሰሰ የደሙ ባለዕዳ ማን እንደሆነ አያ ጥሩነህ ያውቃሉ።

አንድ ጠዋት ደጃፍ ወጡ። ግራቸውን ሸፈኑ። ጉቶው እግር አለው። ጭራም አለው። ከዚያ ጉቶው ራሱን ነቀነቀና ሁለት ረጃጅም ጆሮ ብቅ አለ።

«ትሁኔ!» ብለው ጮኹ። «በቅሎዋ ጆሮ አወጣች!»

ግራው ግን ያው ነበር፤ ጭጋግ።

ያንኑ ዕለት ሸንጎው እንዲሰበሰብ ለመኑ። ሰዉ ግልብጥ ብሎ መጣ፤ እንባ ሊያይ። አያ ጥሩነህ ጀርባቸውን ለነፋሱ ሰጥተው ቆሙ። ሰዉ አጉረመረመ። ዓይናቸው ሳያነባ ሰው ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ አየው። «ዛሬ እኮ አያለቅሱም» አለች አንዷ። «ጨከኑ» አለ ሌላው። አያ ጥሩነህ ሰዉን አንድ በአንድ እያዩ አለፉና አዱኛ ላይ ቆሙ። ክንዱን አዩት፤ ተጣሞ ገጥሟል። ጎንበስ ብለው ያንን ድንጋይ አነሱ፤ በገዛ ጫንቃቸው ተሸክመው ሄዱና አዱኛ ፊት ተንበረከኩ።

«ያን ቀን አይታየኝም ነበር» አሉ። «የትኛችሁ እንደሆናችሁ ሳላውቅ ፈረድኩ። መጠየቅ አፈርኩ። እንባዬም ለአንተ አልነበረም፤ የነፋስ ነው። በድዬሃለሁ።»

የአዱኛ ወንድሞች ዱላቸውን እንደጨበጡ ናቸው። አዱኛ ዓይን ዓይናቸውን አያቸው።

«ያኔ አለቀሱልኝ፤ ግን አላዩኝም» አለ። «ዛሬ አላለቀሱም፤ ግን አዩኝ። ለእኔ ይሄ ይበልጥብኛል። ይቅር ለእግዜር።» በደህናው እጁ ድንጋዩን አወረደላቸው።

አያ ጥሩነህ ተነሱና ወደ ኋላ ዞሩ። ቸኮል ከሰው ጀርባ ቆሟል። ምንም አላሉትም፤ አዩት ብቻ። ቸኮል ያንን የሚያለቅስ ዓይን ፊቱን ሳያዞር ችሎት ነበር፤ ይሄንን የሚያይ ዓይን ግን አልቻለውም። ወደ መሬት አየ፤ ወደ ጎን አየ፤ መሄጃ አጣ። ከዚያ ቀስ እያለ መጣና የወደቀውን ድንጋይ ማንም ሳያዘው አንስቶ ጫንቃው ላይ አደረገ።

እንግዲህ ወዳጄ፣ ነገሩ ይሄ ነው። እንባ የሚፈሰው ሁሉ ርኅሩኅ አይደለም፤ ጎርፉን አይተህ መሬቱ ጠጥቷል አትበል። እንባው ብዙ የሚፈስስ ሰው ውስጡ ደርቆ እየነደደ ይሆናልና ጠጋ ብለህ ጠይቀው። አንተም የታመምክ እንደሆን ሕመምህን ለሚያውቅ ሰው እውነቱን ንገር፤ የጀመርከውንም መድኃኒት «አልሠራም» ብለህ በማግስቱ አትወርውር። ከሁሉ በላይ ግን የሚያስመሰግንህ በሽታ ካለህ ፍራው፤ ሰው የሚያጨበጭብለትን በሽታ ማዳን ከባድ ነውና። አያ ጥሩነህ ግራ ዓይናቸው ሳይመለስ ቀርቷል። ጨርቁና ጠብታው ግን ዛሬም አልተቋረጠም፤ በቅሎዋንም ጠዋት ጠዋት ያዩዋታል።

አንተስ? ወንበርህን ወደ ነፋስ ያዞርከው ለምንድን ነው? መልሱን ለእኔ አትንገረኝ፤ ይህን ስታነብ ትዝ ላለህ ሰው አሳልፈህ አንብብለት። ከዚያ በፊት ግን ዓይንህን ጨፍነህ ግለጥ፤ ስልክ ላይ አፍጥጦ የሚውል ዓይን ይደርቃልና። እንደገና ረስተኸዋል!